አስቀድሞ የተሰማ ወሬና የዕለቱ ስሜት ፍርዳችንን ምን ያህል ያዘነብሉታል?

ጥያቄ፦ «ለሥልጠና ዕድል የሚያመለክቱ ወጣቶችን በቃለ መጠይቅ እያነጋገሩ ነጥብ ከሚሰጡ ሰዎች አንዷ ነኝ። ባለፈው ዙር ሁለት ነገሮች አሳሰቡኝ። አንዱን አመልካች ከማነጋገሬ በፊት ባልደረባዬ ‹ጎበዝ ነው፤ ግን ሰው አያስጠጋም› ብሎኝ ስለነበር፣ ልጁ ከመመለሱ በፊት ቆም ቆም ማለቱን ኩራት አድርጌ ቆጠርኩበት። በሌላ ቀን ደግሞ ከቤት ተከፍቼ ወጥቼ ነበር፤ የዚያን ዕለት ያየኋቸው አመልካቾች በሙሉ ነጥባቸው ዝቅ ያለ መሆኑን በኋላ ተመለከትኩ። ጥናቶች ስለዚህ ምን ይላሉ? በከፋኝ ቀን ከመፍረድ ልቆጠብ?»

ምላሽ፦

በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ጉዳዮች አሉ። አንዱ ስለ አመልካቹ አስቀድሞ የተሰማ ወሬ ነው፤ ሌላው ከአመልካቹ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የራስ ስሜት ነው። ሁለቱም ፍርድን ሊያዘነብሉ እንደሚችሉ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ካሳዩ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ሆኖም የሚገቡበት በር የተለያየ በመሆኑ መከላከያቸውም አንድ አይደለም። ከወዲሁ አቋሜን ግልጽ ላድርግ። በዚህ ሙያ በቆየሁባቸው ዓመታት የያዝኩት እምነት፣ መዛነፍን በይበልጥ የሚቀንሰው የገምጋሚው ቅንነት ወይም «ሚዛናዊ ልሁን» የሚል ጥረቱ ሳይሆን፣ መረጃው ወደ ገምጋሚው የሚደርስበት ቅደም ተከተል ነው የሚል ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባልደረባዎ በተናገሯት ዓረፍተ ነገር ልጀምር፤ ምክንያቱም ሰለሞን አሽ በ1946 ካሳተመው ጥናት ጋር የምትመሳሰለው በአጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም። አሽ ስለ አንድ ሰው የሚናገሩ ሰባት ቃላትን ለተማሪዎች ያነብላቸው ነበር፤ ሰውዬው ብልህ፣ ሥራ አዋቂ፣ ታታሪ፣ ቆራጥ፣ ተግባራዊና ጥንቁቅ ተብሎ ይገለጻል። በዝርዝሩ መካከል ግን ለአንዱ ቡድን ሰው የሚያቀርብ መሆኑ፣ ለሌላው ቡድን ሰው የማያስጠጋ መሆኑ ይነበባል። የተቀሩት ስድስት ቃላት አልተነኩም። ሆኖም ሁለቱ ቡድኖች በአእምሯቸው የሣሉት ሰው ፈጽሞ የተለያየ ሆነ፤ የመጀመሪያው ለጋስና ደግ፣ ሁለተኛው ስስታምና ጨካኝ ወደመሆን ያዘነበለ ነበር። እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝ ግን ውጤቱ ሳይሆን አሽ የሰጠው ማብራሪያ ነው። በእርሱ አመለካከት ያቺ አንዲት ቃል በሌሎቹ ላይ እንደ ተጨማሪ ነጥብ አትደመርም፤ የሌሎቹን ትርጉም ራሱን ትለውጣለች። ሰው በሚያቀርብ ሰው ዘንድ ብልህነት ማስተዋል ይሆናል፤ ሰው በማያስጠጋ ሰው ዘንድ ያው ብልህነት ተንኮል ይመስላል። የእርስዎ አመልካች ከመመለሱ በፊት ቆም ማለቱም እንዲሁ ነው። ዝምታው ያው ዝምታ ነው፤ «ጎበዝ ነው» ብቻ ተብሎልዎት ቢሆን ኖሮ ማሰብ፣ «ዓይን አፋር ነው» ተብሎልዎት ቢሆን ደግሞ መጨነቅ ሊመስልዎት ይችል ነበር።

አሽ የተጠቀመው በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ሰው ነበር። ሃሮልድ ኬሊ በ1950 ጥያቄውን ወደ እውነተኛ ክፍል ወሰደው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች አንድ እንግዳ መምህር እንደሚመጣ ተነግሯቸው ስለ እርሱ አጭር ጽሑፍ ታደላቸው። ጽሑፉ ከአንዲት ነጥብ በስተቀር ለሁሉም አንድ ነበር፤ ግማሾቹ መምህሩ ሰው የሚያቀርብ ነው የሚል፣ ግማሾቹ ሰው የማያስጠጋ ነው የሚል ደረሳቸው። ከዚያ በኋላ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ያንኑ ሰው፣ ያንኑ ውይይት ሲመራ አዩ። በኋላ ሲጠየቁ የሰጡት ምስክርነት እንደየተሰጣቸው ጽሑፍ ተከፈለ። ከዚህም በላይ፣ ሰው ያቀርባል ከተባሉት መካከል 56 በመቶው በውይይቱ ሲሳተፉ፣ አያስጠጋም ከተባሉት ግን የተሳተፉት 32 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ቁጥር በችኮላ ሊታለፍ አይገባም። ቅድመ ግምት የሚኖረው በተመልካቹ ዓይን ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ባሕርያችንንም ይለውጣል፤ የተለወጠው ባሕርያችን ደግሞ ተመልሶ የሚገመገመውን ሰው ይነካል።

ይህ መመለስ በቃለ መጠይቅ ላይ ምን እንደሚመስል ካርል ዎርድ፣ ማርክ ዛና እና ጆኤል ኩፐር በ1974 ባወጡት ጥናት በግልጽ አሳይተዋል። በመጀመሪያው ሙከራ ነጭ አሜሪካውያን ጠያቂዎች ጥቁር አመልካቾችን ሲያነጋግሩ ነጭ አመልካቾችን ሲያነጋግሩ ከነበሩበት ይልቅ ራቅ ብለው እንደሚቀመጡ፣ በንግግራቸው መሐል አብዝተው እንደሚደናቀፉ፣ ቃለ መጠይቁንም ፈጥነው እንደሚዘጉ ተመዘገበ። በሁለተኛው ሙከራ ተመራማሪዎቹ ነገሩን ገለበጡት። ጠያቂዎችን አሠልጥነው ከነጭ አመልካቾች ግማሾቹን ጥቁሮቹ በተስተናገዱበት በዚያው አኳኋን እንዲያስተናግዷቸው አደረጉ። ቀረጻውን ብቻ የተመለከቱ ዳኞች በዚህ ዓይነት የተስተናገዱት አመልካቾች ይበልጥ የተረበሹ፣ ለሥራውም ያነሰ ብቃት ያላቸው ናቸው ብለው ፈረዱ። ስለዚህ ራስዎን ሲመረምሩ «ነጥቡን ስሰጥ ምን አሰብኩ?» ከማለት በተጨማሪ «ስጠይቀው እንዴት ተቀምጬ ነበር? ፊቴ ተፈትቶ ነበር? ተጨማሪ ጥያቄ ጠየቅኩት ወይስ አለፍኩት?» ማለትም ይገባዎታል።

ብዙ ገምጋሚዎች «እኔ በወሬ አልፈርድም፤ ማስረጃ አይቼ ነው» ይላሉ። አባባሉ ቅን ነው፤ ግን ማስረጃ ማየት በራሱ መድኃኒት አለመሆኑን ጆን ዳርሊ እና ፓጌት ግሮስ በ1983 ያሳተሙት ጥናት ያስረዳል፤ ለእኔ በዚህ ርዕስ ላይ ከተሠሩት ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም ይህ ነው። የጥናቱ ተሳታፊዎች የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች አንዲት ልጅን ችሎታ እንዲገምቱ ተጠየቁ። ለአንዳንዶቹ ልጅቱ ከተማሩና ኑሮ ከደላቸው ወላጆች የተወለደች መሆኗን፣ ለሌሎቹ ከድሃ ቤተሰብ የመጣች መሆኗን የሚያሳይ ምስል ቀረበላቸው። በዚህ ብቻ ፍረዱ የተባሉት ጥንቃቄ አደረጉ፤ ስለ ቤተሰቧ ባወቁት ብቻ ችሎታዋን ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ትክክል እንዳልሆነ ስለተሰማቸው የክፍሏን ደረጃ ሰጧት። ሌሎቹ ግን ልጅቱ የቃል ፈተና ስትፈተን የሚያሳይ ቪዲዮ በተጨማሪ ተመለከቱ። ቪዲዮው ለሁሉም አንድ ነው፤ ልጅቱ አንዳንዱን ከባድ ጥያቄ ትመልሳለች፣ አንዳንዱን ቀላል ትስታለች። እነዚህ ተሳታፊዎች በልበ ሙሉነት ተከፋፈሉ። ከደላው ቤት መጥታለች የተባሉት ከክፍሏ በላይ፣ ከድሃ ቤት መጥታለች የተባሉት ከክፍሏ በታች አደረጓት፤ ሁለቱም ወገኖች ለፍርዳቸው ከዚያው ቪዲዮ ማስረጃ ጠቀሱ። ወሬው ብቻውን ያላደረገውን ወሬውና አሻሚው ማስረጃ ተባብረው አደረጉት። ቃለ መጠይቅ ደግሞ በባሕርዩ አሻሚ ማስረጃ ነው።

ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ከዚህ ያመልጡ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ኢቲኤል ድሮር እና ባልደረቦቹ በ2006 ባሳተሙት አነስተኛ ነገር ግን አስተማሪ ሙከራ፣ አምስት የጣት አሻራ መርማሪዎች ከዓመታት በፊት ራሳቸው «የአንድ ሰው ናቸው» ብለው የወሰኑባቸውን አሻራዎች የቀድሞ ውሳኔያቸው መሆኑን ሳያውቁ እንደገና እንዲመረምሩ ተደረገ። ከምርመራው በፊት ግን አሻራዎቹ ከ2004 የማድሪድ የባቡር ፍንዳታ ጋር በተያያዘ በስሕተት የተዛመዱት ናቸው ተባሉ። ከአምስቱ ሦስቱ «አይመሳሰሉም» ብለው ውሳኔያቸውን ገለበጡ፤ አንዱ ለመወሰን በቂ መረጃ የለም አለ፤ በቀድሞ ውሳኔው የጸናው አንድ ብቻ ነበር። አምስት ሰው ጥቂት ነው፤ ልምድ ብቻውን ጋሻ እንደማይሆን ለማሳየት ግን ይበቃል።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ ጉዳይ ልግባ። ሊዮናርድ ሊ፣ ሼን ፍሬድሪክ እና ዳን አሪየሊ በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ጥቂት ጠብታ ኮምጣጤ የተጨመረበት ቢራ ለሰዎች አቀረቡ። ምንም ሳይነገራቸው የቀመሱት በአብዛኛው ወደዱት። ኮምጣጤ እንዳለበት ቀድሞ ከተነገራቸው መካከል ግን ይህን ቢራ የመረጡት ሰዎች ቁጥር በእጅጉ ያነሰ ነበር። ሦስተኛው ቡድን ግን ከቀመሰ በኋላ ምርጫውን ከማስታወቁ በፊት ተነገረው፤ የዚህ ቡድን ምርጫ ምንም ካልተነገረው ቡድን ብዙም አልተለየም። መረጃው ያው ነው፤ ልዩነቱ ከመቅመስ በፊት ወይም በኋላ መድረሱ ነው። ቀድሞ የደረሰው ጣዕሙን ራሱን ለወጠ፤ ዘግይቶ የደረሰው ግን ቀድሞ የተቀመሰውን ጣዕም ሊሽረው አልቻለም። የባልደረባዎ አስተያየት ጠቃሚ ሊሆን ይችላል፤ ይጣል አልልም። ነገር ግን ነጥብዎን ጽፈው ከፈረሙ በኋላ ይድረስዎት።

እዚህ ላይ ሙያዊ ታማኝነት የሚያስገድደኝ ማሳሰቢያ አለ። ስለ ቅድመ ግምት ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሮበርት ሮዘንታል እና ሌኖር ጃኮብሰን በ1968 ያሳተሙት የትምህርት ቤት ጥናት ነው። በዕጣ የተመረጡ 20 በመቶ የሚሆኑ ተማሪዎች «በዚህ ዓመት ፈጥነው ያድጋሉ» ተብለው ለመምህራኖቻቸው ተነገረ፤ ከዚያም የአንዳንዶቹ የአእምሮ ብቃት ፈተና ውጤት ከሌሎቹ ይልቅ ጨመረ። ታሪኩ ሲነገር የሚዘለለው፣ ዕድገቱ በዋናነት በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል ሕፃናት ላይ ብቻ መታየቱ ነው። ስቲቨን ሮደንቡሽ በ1984 ተመሳሳይ ጥናቶችን አሰባስቦ ሲመረምር፣ መምህሩ ወሬውን ከመስማቱ በፊት ተማሪዎቹን ከሁለት ሳምንት በላይ ካወቃቸው ውጤቱ ከሞላ ጎደል እንደሚጠፋ አገኘ። ሊ ጁሲም እና ኬንት ሃርበርም በ2005 ባቀረቡት ሰፊ ግምገማ፣ የመምህራን ግምት በተማሪው ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ እውነት ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ አነስተኛ መሆኑን፣ ግምቱም ብዙ ጊዜ ከእውነታው ጋር የሚስማማ መሆኑን አስረድተዋል። ይህ የሚያጽናና ነው፤ ሰውን በቅርብ ማወቅ ወሬን ያሸንፋል ማለት ነውና። የእርስዎ ችግር አመልካቹን የሚያዩት ለጥቂት ደቂቃዎች መሆኑ ነው፤ ወሬው የሚበረታውም እንዲህ ባለው አጭር ትውውቅ ላይ ነው።

ስለ ስሜት የጠየቁትን በተመለከተ፣ የምርምሩ መነሻ ኖርበርት ሽዋርትዝ እና ጄራልድ ክሎር በ1983 ያሳተሙት ጥናት ነው። ሰዎች ስልክ ተደውሎላቸው በሕይወታቸው ምን ያህል እንደሚረኩ ተጠየቁ፤ ፀሐያማ በሆነ ቀን የተጠየቁት በዝናባማ ቀን ከተጠየቁት ይልቅ ረክተናል አሉ። ነገር ግን ደዋዩ አስቀድሞ «እዚያ ያለው አየር እንዴት ነው?» ብሎ እንደ ዘበት ከጠየቃቸው፣ ዝናቡ በመልሳቸው ላይ የነበረው ጫና ጠፋ። ሁለቱ ተመራማሪዎች ከዚህ ያወጡት ሐሳብ፣ ሰው ስሜቱን እንደ መረጃ ይጠቀምበታል የሚል ነው። «ይህን ሰው እንዴት አየኸው?» ሲባል ውስጡን ያዳምጣል፤ ውስጡ ቅር ካለው «አልጣመኝም» ይላል። ቅሬታው ከወዴት እንደመጣ ሲያውቅ ግን ለዚያ ጥያቄ እንደ ማስረጃ አይቆጥረውም።

ይህ ሐሳብ እስከ ዛሬ ጠቃሚ ነው፤ የአየሩ ውጤት ግን እንደተነገረለት ጠንካራ ሆኖ አልተገኘም። ሪቻርድ ሉካስ እና ኒኮል ሎውለስ በ2013 ባወጡት ጥናት ከ50ዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች በአምስት ዓመት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች የሰጡትን መልስ ከዕለቱ አየር ጋር አነጻጽረው፣ አስተማማኝ ግንኙነት ለማግኘት አልቻሉም። በሌላ በኩል ከእርስዎ ሥራ ጋር የሚቀራረብ ማስረጃ አለ። ዶናልድ ሬደልማየር እና ሳይመን ባክስተር በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ለመግባት ከ2004 እስከ 2009 ቃለ መጠይቅ የተደረገላቸውን ከ2,900 በላይ አመልካቾች መርምረው፣ በዝናባማ ቀን የቀረቡት በትንሹ ዝቅ ያለ ነጥብ እንዳገኙ ዘግበዋል። ልዩነቱ ለአንድ ሰው ጥቂት ነው፤ በመግቢያው መስመር ላይ ለቆመ ሰው ግን ጥቂት ማለት ብዙ ነው። በ2011 ስለ እስራኤል የአመክሮ ዳኞች የወጣውንና ከምግብ ዕረፍት በፊት የሚፈቀዱት ጥያቄዎች ወደ ዜሮ ይወርዳሉ የሚለውን ዝነኛ ጥናት ግን እኔ እንደ ማስረጃ አልጠቅሰውም፤ መዝገቦቹ የሚቀርቡበት ቅደም ተከተል በዕጣ እንዳልነበረና ጠበቃ የሌላቸው እስረኞች ወደ መጨረሻ እንደሚቀርቡ በዚያው ዓመት ተቃውሞ ቀርቦበታልና።

ከቤት የወጡት ተከፍተው ነው ብለዋል። መከፋት ምን ዓይነት ነበር? አዝነው ነበር፣ ተቆጥተው ነበር ወይስ ሰግተው? ይህ ትርፍ ጥያቄ አይደለም። ጄኒፈር ለርነር፣ ዳከር ኬልትነር እና ባልደረቦቻቸው በተከታታይ እንዳሳዩት፣ ቁጣና ፍርሃት ሁለቱም ደስ የማይሉ ስሜቶች ሆነው ሳለ ፍርድን ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ይገፋሉ። ከመስከረም 2001 የሽብር ጥቃት በኋላ 973 አሜሪካውያን በተሳተፉበትና ለርነር ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር በ2003 ባሳተመችው ጥናት፣ ፍርሃት የተቀሰቀሰባቸው ሰዎች አደጋን ሲያጎሉ ቁጣ የተቀሰቀሰባቸው አሳንሰው አዩት። የተቆጣ ሰው እርግጠኛ ይሆናል፤ ጥፋተኛውን ለይቶ የሚያውቅ ይመስለዋል። ኀዘን ደግሞ ሌላ መልክ አለው፤ ጆሴፍ ፎርጋስ ቀለል ያለ ኀዘን ያደረበት ሰው ዝርዝር ነገርን ይበልጥ እንደሚያስተውልና በመጀመሪያ ዕይታ እንደማይታለል በተለያዩ ሙከራዎች አሳይቷል። በተቃራኒው ጌለን ቦደንሃውዘን እና ባልደረቦቹ በ1994 ደስ ያላቸው ተሳታፊዎች ስለ አንድ ቡድን የሚነገረውን የተለመደ አባባል ይዘው ወደመፍረድ እንደሚያዘነብሉ፣ ለፍርዳቸው ተጠያቂ እንደሚሆኑ ሲነገራቸው ግን ይህ እንደሚጠፋ አግኝተዋል። ስለዚህ «በከፋኝ ቀን ልቆጠብ?» ለሚለው መልሴ አይደለም ነው። እንደዚያ ከሆነ ደስ ባለዎት ቀንም መቆጠብ ይኖርብዎታል።

በዚህ ጉዳይ ከራሴ የማልረሳው ነገር አለ። ከዓመታት በፊት የአንድ ተማሪን የመመረቂያ ጽሑፍ አርሜ ነጥቡን ሳልመዘግብ ቀረሁ፤ ያረምኩበት ቅጂም ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ተቀላቅሎ ጠፋብኝ። ሌላ ቅጂ አስመጥቼ፣ ከአንድ ስብሰባ ተናድጄ በተመለስኩበት ምሽት እንደገና አረምኩት። በኋላ የመጀመሪያው ቅጂ ተገኘና ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። በአንዱ ገጽ ኅዳግ ላይ በራሴ እጅ «ደፋር ሐሳብ ነው፤ ይስፋፋ» ብዬ ጽፌያለሁ። በሌላው ቅጂ በዚያው አንቀጽ ጎን፣ በዚያው እጅ ጽሑፍ፣ «ማስረጃ የሌለው ድፍረት» ይላል። የተማሪው ዓረፍተ ነገር ነጠላ ሰረዝ እንኳ አልተለወጠም። የበለጠ ያሳፈረኝ፣ በዚያች ምሽት ንዴቴ በእርማቴ ውስጥ መግባቱ ጨርሶ ያልታወቀኝ መሆኑ ነው።

ይህ አለማወቅ የእኔ ብቻ አይደለም። ሪቻርድ ኒስቤት እና ቲሞቲ ዊልሰን በ1977 በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች የአንድ የውጭ አገር መምህርን ቪዲዮ አሳዩ፤ በአንዱ ቅጂ መምህሩ ፊቱ የተፈታ፣ በሌላው የተኮሳተረ ነው። የተፈታውን ያዩት መልኩንም፣ አኳኋኑንም፣ የአነጋገር ቅላጼውንም ወደዱለት፤ የተኮሳተረውን ያዩት እነዚህኑ ጠሉበት። መምህሩን መውደዳቸው ወይም መጥላታቸው በዚህ ላይ ተጽዕኖ አሳድሮ እንደሆነ ሲጠየቁ አላሳደረም አሉ። መምህሩን የጠሉት እንዲያውም ነገሩን ገልብጠው፣ የጠሉት ቅላጼውና አኳኋኑ ደስ ስላላላቸው እንደሆነ ገለጹ። ወደ ውስጥ ተመልክቶ «አላዘነበልኩም» ማለት ዋስትና የማይሆነው ስለዚህ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቻርልስ ሎርድ፣ ማርክ ሌፐር እና ኤልዛቤት ፕሬስተን በ1984 ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎች የሌሎችን ጥናቶች እንዲገመግሙ ተጠየቁ፤ «ሚዛናዊ ሁኑ» የሚለው ምክር አልረዳቸውም፤ «ይኸው ጥናት ተቃራኒ ውጤት ቢያሳይ ኖሮ እንዲህ ትፈርዱ ነበር?» ብሎ ማሳሰብ ግን መዛነፉን አረመ። በእርስዎ ሥራ ይህ ማለት፣ ዝቅ ያለ ነጥብ ለመስጠት ብዕር ሲያነሡ «ይህንኑ መልስ የተመሰገነ አመልካች ቢመልሰው ምን እለው ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት ተራ ያቅርቡ፤ ነጥቡን በመጨረሻ በጥቅሉ ከመስጠት ይልቅ እያንዳንዱ መልስ እንዳለቀ ይስጡ፤ የሰሙትን ቃል ከተሰማዎት ስሜት ለይተው ይጻፉ። «ኮራ» ብለው ሳይሆን «ከመመለሱ በፊት ዝም አለ» ብለው ይመዝግቡ። ከመጀመርዎ በፊት በወረቀቱ ራስ ላይ የዕለቱን ስሜትና ምክንያቱን በአንድ መስመር ማስፈር ቀላል ይመስላል፤ የስሜትን ምንጭ ማወቅ ምን እንደሚያደርግ ግን ከስልኩ ጥናት አይተናል። ሁለት ገምጋሚዎች ካላችሁ ነጥባችሁን ሳትነጋገሩ ጻፉ፤ ውይይቱ ከዚያ በኋላ ይሁን።

በዚያ በከፋዎት ቀን ስላዩዋቸው አመልካቾች፣ ነጥባቸው ዝቅ ያለው በእርስዎ ስሜት ነው ብለው አይደምድሙ። አመልካቾቹ ጥቂት ከሆኑ በአንድ ቀን ደካሞች መገጣጠማቸው በአጋጣሚም ይሆናል፤ ነጥባቸውን በጅምላ ከፍ ማድረግም ሌላ አድሎ ነው። የጻፏቸው ማስታወሻዎች ካሉ፣ ስማቸውንና ቀኑን ሸፍነው በሌላ ቀን ካነጋገሯቸው አመልካቾች ማስታወሻ ጋር ቀላቅለው እንደገና ነጥብ ይስጡ። ዝም ዝም ይል የነበረው ልጅ ግን በእርስዎ እጅ እንደገና ባይመዘን እመርጣለሁ፤ የባልደረባዎ ቃል ከጆሮዎ አይወጣምና። የመለሳቸውን መልሶች ብቻ ገልብጠው፣ ስለ እርሱ ምንም ላልሰማ ሦስተኛ ሰው ይስጡ፤ የሚሰጠውንም ነጥብ ከእርስዎ ነጥብ ጎን ያስቀምጡት።